ሁለተኛው ሩጫ

ጎረቤት በቀን ሁለት ጊዜ ሮጠ ተብሎ ለፖሊስ የሚደወልበት ዘመን ይመጣል ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም። መጣ። በማርች 2020 መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ ውስጥ የኖርዝሃምፕተንሻየር አውራጃ ፖሊስ አዛዥ ለጋዜጠኞች እንደተናገሩት፣ የጣቢያቸው ስልክ በጥቆማ ተጨናንቆ ነበር። ከጥቆማዎቹ አንዱ ዓይነት እንዲህ የሚል ነው፤ ጎረቤቴ ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ ሊሮጥ የወጣ ይመስለኛል፣ መጥታችሁ ያዙልኝ።

ጠቋሚው የግድ ክፉ ሰው አይደለም። ቤት ተዘግቶበታል፤ ሥራው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መጥቷል፤ ልጆቹ ሶፋውን ትምህርት ቤትም ሜዳም አድርገውታል። የቀረው መዝናኛ መስኮት ነው። በመስኮቱ ሲያይ ያ ሸንቀጥ ያለ ጎረቤቱ ጠዋት ያለፈባትን ቁምጣ እንደለበሰ ከሰዓት በኋላም ያልፋል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፣ ቀና ብሎ ሰላም እንኳ አይልም። በደህናው ጊዜ ማን ልብ ይለው ነበር? አሁን ግን መጋረጃው ገለጥ፣ ሰዓቱ ታየት፣ ስልኩ ብድግ ይላል።

ኮሮና አገር ምድሩን ሲዘጋ መንግሥታት ሰው ከቤት የሚወጣባቸውን ምክንያቶች እየቆጠሩ ጻፉ። ምግብ መግዛት፣ መድኃኒት ማምጣት፣ ከቤት ሆኖ የማይሠራ ሥራ፣ አቅመ ደካማ መርዳት። ብዙዎቹ ከዝርዝሩ ላይ ስፖርትን ጨመሩ፤ እግሩን ሳያፍታታ ወር የከረመ ሰው ከቫይረሱ ቢያመልጥ ከደም ግፊቱና ከጭንቀቱ እንደማያመልጥ ሐኪሞች አጥብቀው ተናግረው ነበርና። ምክንያቱ ተገቢ ነው። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሰው ዳቦውን ያሳያል፤ መድኃኒት የገዛ ደረሰኝ ይዟል፤ ስፖርት ልሠራ ነው ያለ ሰው ግን ምስክሩ ላቡ ብቻ ነው። ላቡም ቢሆን በብርድ አገር ቶሎ አይወጣም።

ስለዚህ ከአልጋ እስከ መኪና ካልሆነ በእግሩ ሄዶ የማያውቀው ሁሉ ባንድ ሌሊት ስፖርተኛ ሆነ። ቱታ የክብር ልብስ ሆነ። ዱሮ ቱታ ለብሶ ቢሮ የሚገባ ሰው ነበር የሚታማው፤ አሁን የሚታማው ያለ ቱታ መንገድ ላይ የተገኘው ነው።

የወቅቱ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ማርች 23 ማታ በቴሌቪዥን ቀርበው ሕዝቡ ቤቱ እንዲቆይ ሲያዙ፣ በቀን አንድ ዓይነት ስፖርት፣ ለምሳሌ ሩጫ፣ የእግር ጉዞ ወይም ብስክሌት፣ ብቻን ወይም ከቤተሰብ ጋር እንደሚፈቀድ ተናገሩ። አገሩ ሁሉ ሰማ። ከ3 ቀን በኋላ የወጣውን ደንብ ግን ያነበበው ጥቂት ሰው ነው። የእንግሊዙ ደንብ ስፖርትን ሲፈቅድ ስንት ጊዜ የሚል ነገር አልነበረበትም። ሁለት ጊዜ የሮጠው ጎረቤት ምክር አልሰማም ሊባል ይችላል፤ ሕግ ግን አልጣሰም። ያ ሁሉ ስልክ የተደወለው፣ ያ ሁሉ መጋረጃ የተገለጠው፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር።

ዌልስ ደግሞ ለብቻዋ ሕግ ታወጣለችና በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻልም ብላ በደንቧ ውስጥ ጽፋ አስቀመጠች። ሁለቱን አገሮች በከፊል የሚለያቸው ዋይ የተባለ ወንዝ ነው። ከወንዙ ወዲህ ማዶ ሁለተኛ ሩጫ የሚሮጥ ሰው ጤናውን የሚጠብቅ ዜጋ፣ ከወንዙ ወዲያ ማዶ የሚሮጠው ደንብ ተላላፊ ሆነ ማለት ነው። ቫይረሱ ይህን ድንበር ስለማወቁ ማስረጃ አልተገኘም።

ስንት ደቂቃ የሚለውስ? እሱም በእንግሊዙ ደንብ አልነበረም። ሚኒስትሩ ማይክል ጎቭ ማርች 29 በቢቢሲ ተጠይቀው፣ ለአብዛኛው ሰው እስከ አንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ወይም የ30 ደቂቃ ሩጫ ተገቢ ይመስለኛል አሉ። ይመስለኛል ነው ያሉት። ሳምንት ሳይሞላ ይመስለኛሏ ወድቃ ሰዓቷ ብቻ ቀረች፤ በየሰፈሩ አንድ ሰዓት ሕግ ነው ተብሎ ባልና ሚስት ይጨቃጨቁበት ጀመር። ሹም ሲያስብ አፉን ቢዘጋ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

የፖሊሶቹ መከራ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ምኑ ስፖርት ነው፣ ምኑ አይደለም የሚለውን ቆመው መዳኘት ነበረባቸው። በኤፕሪል 2020 አጋማሽ ላይ ለእንግሊዝ ፖሊሶች መመሪያ ወጣላቸው። መመሪያው ረጅም የእግር ጉዞ ላይ ያለ ሰው አረፍ ብሎ ምሳ ቢበላ ተገቢ ነው ይል ነበር። ጥቂት ተራምዶ ፓርክ ወንበር ላይ ከሄደበት ጊዜ እጅግ አብልጦ የተቀመጠ ሰው ግን ስፖርት ሠራ አይባልም ነበር። በመኪና ወደ ገጠር ነድቶ መሄድም፣ ከተነዳው ጊዜ የተራመደው ጊዜ እጅግ ከበለጠ ይፈቀድ ነበር፤ ነጂው ብዙ ተጉዞ ጥቂት ከተራመደ አይፈቀድም ነበር።

ይህን መመሪያ በተግባር ማሰብ ነው። አንዲት የ70 ዓመት ባልቴት ከቤታቸው ወጥተው 200 ሜትር ያህል ይራመዳሉ። ጉልበታቸው ይደክማል። ወንበር ያገኛሉ፣ ይቀመጣሉ። ፖሊሱ ከወዲያ ያያቸዋል። መቼ ነው የተቀመጡት? መቼ ነው የሚነሱት? እሳቸውም ያዩታል፤ ሊነሱ ሲሉ ወገባቸው ይይዛቸዋል። አልፎ ሂያጅ ወጣት ደግሞ እግሩን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ጅማቱን ያሳስባል፤ እሱ ስፖርት ላይ ነው። ወንበሩን ለእግሩ የተጠቀመበት ጨዋ፣ ለተፈጠረበት ጉዳይ የተጠቀሙበት እናት ተጠርጣሪ ይሆናሉ። በአንዳንድ ከተሞች የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ጭቅጭቁን ለማሳጠር ወንበሮቹን በፕላስቲክ ጥብጣብ አሰሯቸው።

ፓርክም ራሱ ከክስ አላመለጠም። ደቡብ ለንደን የሚገኘው ብሮክዌል ፓርክ ኤፕሪል 4 ቅዳሜ ዕለት ፀሐይ ወጣችና ከ3 ሺህ በላይ ሰው ገባበት፤ የወረዳው አስተዳደር በማግሥቱ እሑድ በሩን ዘጋው። በዚያው እሑድ የጤና ሚኒስትሩ ማት ሃንኮክ ሰው ሣር ላይ ተኝቶ ፀሐይ መሞቁን ካልተወ ከቤት ውጭ ስፖርት ጭራሹን ሊከለከል ይችላል ሲሉ አስጠነቀቁ። እዚህ ላይ አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ጓሮ ያለው ሰው ጓሮው ውስጥ ተንጋሎ ጋዜጣውን እያነበበ፣ እነዚህ ሰዎች ለምን ቤታቸው አይቀመጡም አለ። አምስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ ክፍል ቤት ከሦስት ልጅ ጋር የሚኖረው ደግሞ፣ ቤትህን ስጠኝና ልቀመጥ አለው። የጠገበ ለተራበ አንጀቱ አይራራለትም የሚለው የአበው ብሂል ስለ እንጀራ የተባለ ቢሆንም ስለ ሣርም ያገለግላል። ብዙ ሳይቆይ መንግሥት ራሱ ፓርኮች ክፍት ይሁኑ አለ።

ከስንት ጊዜና ከስንት ደቂቃ ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር የርቀት ነው።

የደርቢሻየር ፖሊስ በማርች 2020 መጨረሻ ፒክ ዲስትሪክት በሚባለው ተራራማ አካባቢ ከርባር ኤጅ ከተባለ ገደል በላይ ድሮን አበረረ። ምን ተገኘ? ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ ጥንዶች፣ ዎክ የሚያደርጉ ሰዎች። ፖሊስ ቪዲዮውን አስፈላጊ ያልሆነ ጉዞ ብሎ ለሕዝብ አሳየ። በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ ለሰዎቹ በጣም የቀረባቸው ነገር ድሮኑ ነበር። የቀድሞው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሎርድ ሳምፕሽን በቢቢሲ ቀርበው ይህ ፖሊስ የአገሩን የፖሊስ ወግ አዋርዷል እስከማለት ደረሱ። ያው ፖሊስ በዚያው ሰሞን በክስተን አጠገብ ያለች ውሃዋ ሰማያዊ የሆነች የጥንት ድንጋይ ማውጫ ኩሬ ሰው እንዳይስብባት በጥቁር ቀለም አጠቆራት። ለፍትሕ ሲባል መጨመር ያለበት፣ ውሃዋ ውበቷ ለዓይን ብቻ ነው፤ ቆዳ የሚያሳክክ ኬሚካል ያለባት ስለሆነች ከኮሮና በፊትም ዋናተኞችን ለማባረር ቀለም ተጨምሮባት ያውቃል።

ደርቢሻየር በዚህ አላበቃም። በጃንዋሪ 2021 ሁለት ሴቶች ከቤታቸው 5 ማይል ያህል ነድተው፣ ለየብቻ በየመኪናቸው፣ ፎርማርክ ወደተባለ የውሃ ማጠራቀሚያ ግድብ ሄዱ፤ እዚያ ተገናኝተው ዎክ ሊያደርጉ ነው። እጃቸው ላይ የወረቀት ኩባያ ትኩስ መጠጥ ይዘዋል። ፖሊስ አስቁሞ ለእያንዳንዳቸው 200 ፓውንድ ቅጣት ጻፈ። ትኩስ መጠጡም እንደ ሽርሽር ድግስ ይቆጠራል ተባሉ። በዚህ አተያይ ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ይዞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ድግስ ላይ ነው። ወሬው አገር ሲያዳርስ ፖሊስ ቅጣቱን አንሥቶ ሴቶቹን ይቅርታ ጠየቀ።

የሁለቱ ሴቶች ቅጣት ገና ሳይነሣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ከመኖሪያቸው 7 ማይል ያህል በሚርቀው ኦሊምፒክ ፓርክ ብስክሌት ሲነዱ ታዩ። በሰፈራችሁ ቆዩ የሚለው ምክር የሳቸው መንግሥት ምክር ነበር። ሰፈር ስንት ማይል ነው ለሚለው በወቅቱ ደንቡ ቁጥር አልሰጠም፤ የለንደን ፖሊስ ኮሚሽነርም ሕግ አልተጣሰም አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን 5 ማይሏ 200 ፓውንድ ስታስጽፍ 7 ማይሉ በነጻ ማለፉን ሕዝብ ሳይደምር የሚቀር የሒሳብ ትምህርት የለም።

እንግሊዝ ቁጥር ሳትጽፍ ከተቸገረች ቁጥር የጻፉት ዳኑ? አልዳኑም። ፈረንሳይ ከማርች 2020 ጀምሮ ከቤት የሚወጣ ሁሉ ስሙን፣ አድራሻውን፣ የወጣበትን ቀንና ምክንያት ሞልቶ የፈረመበት ወረቀት እንዲይዝ አዘዘች። ወዲያው ለስፖርት በቀን አንድ ሰዓት፣ ከቤት ደግሞ ከ1 ኪሎ ሜትር ሳይርቁ የሚል ተጨመረ። ወረቀት ያልያዘ 135 ዩሮ ይቀጣ ነበር። ሰው ለራሱ የፈቃድ ደብዳቤ ጽፎ፣ ለራሱ ፈርሞ፣ በራሱ ፈቃድ የሚወጣበት አሠራር ተጀመረ ማለት ነው። እስራኤልም በመጀመሪያው ዙር ያለ በቂ ምክንያት ከቤት 100 ሜትር በላይ መራቅ ከልክላ ነበር። 100 ሜትሩ ከደጃፍ ይጀምራል ወይስ ከሕንጻው በር? በ8ኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ደረጃው ይቆጠርበታል? እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያነሣ ጎረቤት በየትኛውም አገር አይጠፋም።

በቱሉዝ አጠገብ የሚኖር አንድ ፈረንሳዊ ክርክሩን ሁሉ በአጭሩ ቆረጠው። 7 ሜትር በምትሆን በረንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ሙሉ ማራቶን፣ 42 ኪሎ ሜትር፣ በ6 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ጨረሰ። ከበታቹ ያለው ጎረቤት ስለ ኮቴው ምን እንዳለ ዜናው አልነገረንም።

ፓሪስ ደግሞ ችግሩ ርቀት ሳይሆን ሰዓት ነው አለች። ከኤፕሪል 8 ጀምሮ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ስፖርት ለመሥራት መውጣት ከለከለች። ሐሳቡ ሯጩና ገበያተኛው እንዳይገናኙ ነው። ቀኑን ሙሉ ተበታትኖ ይሮጥ የነበረው ፓሪሳዊ ግን ከ4 ሰዓት በፊትና ከ1 ሰዓት በኋላ ባንዴ ወጣ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች። መንገዱ በየምሽቱ የታላቁ ሩጫ ዋዜማ መሰለ።

ስፔን ከእነዚህ ሁሉ ጠነከረች። ከማርች አጋማሽ እስከ ሜይ 2 ድረስ አዋቂ ሰው ስፖርት ልሥራ ብሎ መውጣት አይችልም ነበር፤ ልጆችም እስከ ኤፕሪል 26 ቤት ዋሉ። ውሻ ያለው ግን ውሻውን ለማንሸራሸር ይወጣ ነበር። ታዲያ ውሻ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ታወቀ። በሌላ ጊዜ በር ላይ ቆሞ አውጡኝ ብሎ ሲያለቅስ የሚቆጡት እንስሳ የቤቱ ፓስፖርት ሆነ። አባት አውጥቶ ሲመልሰው እናት ታወጣዋለች፣ እናት ስትመልሰው ጎረምሳው ይወስደዋል፤ በመጨረሻ ውሻው ራሱ አልጋ ሥር ይደበቃል። ሙርሲያ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው የዳይኖሰር ልብስ ለብሶ ሲዘዋወር ተያዘ። ፖሊስም የቤት እንስሳ ይዞ መውጣት ከነገደቡ እንደሚፈቀድ፣ ዳይኖሰር ለመሆን መውጣት ግን እንደማይፈቀድ በትዊተር አስታወቀ። ሜይ 2 ሲፈታ ደግሞ ቀኑ ተሸነሸነ፤ አዋቂዎች ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓትና ከምሽቱ 2 እስከ 5 ሰዓት፣ ልጆች ከቀትር በኋላ፣ ሽማግሌዎች በየመሃሉ።

እስካሁን የተወራው በሕግና በሰው መካከል ያለው ነው። ሰውና ሰው ፊት ለፊት የተጋጩት ግን ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ሁለት ሜትር ይራቅ በተባለበት ዘመን የእግረኛ መንገዱ ወርድ ሜትር ተኩል ነው። ከወዲያ ሯጭ እያለከለከ ይመጣል፣ ከወዲህ የልጅ ጋሪ የምትገፋ እናት። ማን ይውረድ? እናትየው አስፋልቱ ላይ ብትወርድ መኪና አለ። ሯጩ ቢወርድ ሰዓቱ ይበላሽበታል፤ ክንዱ ላይ ያሰረው መሣሪያ እያንዳንዷን ሴኮንድ ይመዘግባል። ወደ ግድግዳው ዞራ ትንፋሿን ትይዛለች። እሱ እጁን ለምስጋና አንሥቶ ያልፋል፣ ላቡ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የምትለው ነገር እዚህ አይጻፍም።

በኤፕሪል 2020 የቤልጅግና የኔዘርላንድ መሐንዲሶች በኮምፒውተር ያሰሉት አንድ ጥናት ነገሩን አባባሰው። ተከታትሎ ለሚራመድ 4 እስከ 5 ሜትር፣ ለሚሮጥ 10 ሜትር፣ ፈጥኖ ለሚነዳ ብስክሌተኛ 20 ሜትር ያህል ከፊተኛው መራቅ ይበጃል የሚል ነው። ጥናቱ ገና በሌሎች ባለሙያዎች አልተመረመረም ነበር፤ የለካውም የጠብታን አካሄድ እንጂ የበሽታን መተላለፍ አልነበረም። ሥዕሉ ግን ያምራል። ከሯጩ ጀርባ ባለ ቀለም ደመና ይታያል። ያን ሥዕል ስልኩ ላይ ያየ ሁሉ በማግሥቱ ከየሯጩ ጀርባ ደመናውን ማየት ጀመረ። ከጊዜ በኋላ ባለሙያዎች ቫይረሱ ከደጅ ይልቅ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እጅግ እንደሚተላለፍ ቢስማሙም ደመናው ከሰው ዓይን ቶሎ አልጠፋም።

በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ውስጥ ጭምብልም ተጨመረበት። ከኦገስት 2 ቀን 2020 ጀምሮ የከተማዋ ነዋሪ ስፖርት የሚሠራው በቀን አንድ ሰዓት፣ ከቤቱ 5 ኪሎ ሜትር ሳይርቅ ነበር፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሰዓት እላፊ ነበር። ጭምብል ግዴታ ነበር፣ የሚሮጥ ሰው ግን በሚሮጥበት ጊዜ ከፊቱ ሊያወርደው ይችል ነበር። እንግዲህ ሩጫ የሚባለው ከየትኛው ፍጥነት ይጀምራል? ፖሊስ ሲያዩ ሶምሶማ፣ ፖሊስ ሲያልፍ ዎክ የሚያደርግ አዲስ የስፖርት ዓይነት ተወለደ። ፉትስክሬይ ሰፈር ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በ5 ኪሎ ሜትሩ ክብ ውስጥ የወደቁለት ሰው እንጀራውን አዝዞ ይወስድ፣ ከክቡ ውጭ የቀረው ራሱ ይጋግር ነበር።

በዚሁ ከተማ ቀልድ የማይሆን ነገርም ተፈጽሟል። ጁላይ 4 ቀን ፍሌሚንግተንና ሰሜን ሜልቦርን ያሉ 9 የመንግሥት ኪራይ ፎቆች ያለ ማስጠንቀቂያ ባንዴ ተዘጉ። ወደ 3 ሺህ ሰው ይኖርባቸው ነበር፤ ከነዚህ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ የሄዱ ስደተኞች ነበሩ። ሌላው የከተማው ሕዝብ ለስፖርት መውጣት ሲችል፣ እነሱ ለስፖርት ይቅርና ለምግብ መግዣም ከበር መውጣት አይችሉም ነበር። 8ቱ ፎቆች ከ5 ቀን በኋላ ተለቀቁ፤ ዘጠነኛው ሁለት ሳምንት ቆየ። ሜልቦርን ያለችበት የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት እንባ ጠባቂ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ባወጡት ሪፖርት ድንገቴው መዘጋት የነዋሪዎቹን ሰብአዊ መብት የጣሰ ነበር አሉ። በኋላም መንግሥት 5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ካሳ ሊከፍል ተስማማ። ስለ ሁለተኛ ሩጫ የተጨነቀ ጠቋሚ ሁሉ አንደኛውን እንኳ ያላገኙት እንዳሉ ቢያውቅ ምናልባት ስልኩን ያስቀምጥ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ሁሉ ቤቱ ይዘጋ የሚል አዋጅ አልወጣም። በኤፕሪል 2020 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብንና መጨባበጥን ከለከለ፤ መራራቂያውም በአዋቂ ሰው ሁለት እርምጃ ተለካ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ክርክሩ ስለ ማይል ሳይሆን ስለ ቁጥር ሆነ። አምስት የሰፈር ልጆች በማለዳ ለሶምሶማ ቢወጡ አንዱ ትርፍ ነው። ትርፉ ማን ይሁን? ኋላ ኋላ እንደማያውቃቸው ሆኖ የሚከተለው፣ ሁሌም ኳስ የማያቀብለው ነው። ሁለት እርምጃውም ቢሆን የማን አዋቂ እንደሆነ አልተገለጸም፤ የረጅም ሰው እርምጃና የአጭር ሰው እርምጃ እኩል አይደለም።

ውጭ ያለውን ልጅ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሆና በስልክ የምትቆጣጠር እናት አለች።

«የት ነህ? ንፋስ ይሰማኛል።»

«ፓርክ ነኝ እማዬ፣ ስፖርት እየሠራሁ።»

«በዚህ ክፉ ቀን?»

«ተፈቅዷል እኮ!»

«አንተ ልጅ፣ ተፈቀደ ማለት ታዘዘ ማለት ነው? በል ግባ፣ ማታ ፌጦና ዝንጅብልህን እንዳትረሳ።»

የለንደን ፖሊስ ሊያስገባው ያልቻለው ሰው በዚህ ስልክ ይገባል።

በዚያ ዓመት ለንደን ውስጥ ማንም ያልተጣላበት አንድ ሩጫ ተካሂዷል። የለንደን ማራቶን በኦክቶበር 4 ሲደረግ ለታወቁ አትሌቶች ብቻ ሆነ፤ እነሱም ከተማውን ማቋረጣቸው ቀርቶ ተመልካች በሌለበት የሴንት ጀምስ ፓርክን ዙሪያ 19 ጊዜና ትንሽ ፈሪ ዞሩት። ቀኑ ብርድና ዝናብ ነበር። ኢትዮጵያዊው ሹራ ቂጣታ በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ገባ፤ ኬንያዊውን ቪንሰንት ኪፕቹምባን በአንድ ሴኮንድ ቀደመው፣ ኢሉድ ኪፕቾጌ 8ኛ ሆነ። ተራው ሯጭ ደግሞ 42 ኪሎ ሜትሩን በየሰፈሩ ለብቻው እንዲሮጥ ተነገረው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሮጠ። በማርች ቢሆን ያ ሁሉ ሰው በጎረቤቱ ይጠቆምበት ነበር።

ሕጉን ያወጡትና የመከሩትስ? የስኮትላንድ ዋና የጤና ኃላፊ ቤታችሁ ቁጭ በሉ እያሉ በማስታወቂያ ሲመክሩ ቆይተው፣ ፋይፍ ባሕር ዳር ወዳለ ሁለተኛ ቤታቸው ሁለት ቅዳሜና እሑድ መሄዳቸው ታወቀና ኤፕሪል 5 ሥራቸውን ለቀቁ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋና አማካሪ ዶሚኒክ ከሚንግስ በበኩላቸው ከቤተሰባቸው ጋር ከለንደን ደርሃም ሄደው፣ ከዚያም ባርናርድ ካስል ወደተባለች ከተማ ነዱ። ለምን ቢባሉ፣ በሽታው ዓይኔን ስላደከመው ለረጅሙ መንገድ ይደርስ እንደሆነ ልሞክረው ብዬ ነው አሉ። ዓይኑን የተጠራጠረ ሰው ሚስትና ልጁን ጭኖ መኪና እየነዳ ዓይኑን ይፈትሻል ማለት ነው። እሳቸው በዚህ ምክንያት አልለቀቁም። ወንበር ላይ ስለተቀመጡ የተጠረጠሩት እናት፣ ኩባያ ስለያዙ የተቀጡት ሴቶች ይህን ሰምተዋል።

እንግሊዝ ውስጥ ቤት የመቆየት ትእዛዙ ማርች 29 ቀን 2021 አበቃ። በኤፕሪል የፓርላማው የሰብአዊ መብት ኮሚቴ የተጻፉት ቅጣቶች በሙሉ እንደገና እንዲታዩ ጠየቀ። በ2022 ደግሞ የለንደን ፖሊስ በዚያ የእገዳ ዘመን በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤትና በአካባቢው ባሉ መሥሪያ ቤቶች በተደረጉ ግብዣዎች ላይ ሲያካሂድ የቆየውን ምርመራ ጨርሶ፣ በ83 ሰዎች ላይ 126 ቅጣት መጻፉን አስታወቀ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከተቀጡት አንዱ ነበሩ። ከ126ቱ አንዱም ለመሮጥ የወጣ ሰው ላይ የተጻፈ አልነበረም።